በሩ ወደ ፈፋው የዞረው ቤት

አዲስ የተላጠ የባህር ዛፍ ችካል ሲሸተኝ እግሬ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሰው ሲያረጅ ይሰክናል ይባላል፤ እኔ ሰባ ሁለት ሞላኝ፣ አልሰከንሁም። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ልጄ ሰናይት ሃያ አራት ችካል አስላጥታ ደጃችን ላይ ስታስከምር፣ ሽታው መኝታዬ ድረስ ገባና ቁርሴን ሳልቀምስ ተነሣሁ። ኮቴን ለበስሁ፣ ጋቢዬን በላዩ ጣል አደረግሁ፣ ወጣሁ፣ ተመለስሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። ደባርቅ በዚያ ሰዓት ጉም ውስጥ ናት፤ ከሊማሊሞ አፋፍ የሚነሣው ጭጋግ አስፋልቱን ከነባጃጁ ይውጠዋል። ሰናይት በጉሙ ውስጥ ፕላኑን በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛ ሲባጎ ትወጥራለች። አዲስ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ልትሠራ ነው። አሮጌው፣ እኔ በእጄ ያቆምሁት፣ ክረምቱ ሳይገባ ይፈርሳል። መፍረሱን ጠልቼ አይደለም፤ ጣሪያው ከወንፊት አይሻልም፣ ግድግዳውም ጎብጧል። እረፍት የነሣኝ ሌላ ነገር ነው።

ፕላኑን የነደፈችላት ጎንደር አብራት የተማረች ጓደኛዋ ናት። ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር የለም። ወርዱ አሥር ሜትር፣ ርዝመቱ አሥራ ስምንት፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቱቦላሬ ብረት የተሸከመው፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መብራቱ ሦስት ፌዝ። መቁረጫው የት እንደሚቆም፣ ላሜራው የት እንደሚደገፍ፣ ሠራተኛው የት ቁጭ ብሎ ሻይ እንደሚጠጣ ሳይቀር ተሥሏል። እኛ ቤት ስንሠራ የሻይ ቦታ የሚባል ነገር ትዝ ያለው ሰው አልነበረም፤ ሻይ የሚጠጣው እግር ባለበት ነው። ይሁን፣ ጥሩ ነው አልሁ። በሩ ግን የጭነት መኪና ከነጭነቱ የሚያስገባ ሆኖ፣ ፊት ለፊት ወደ አስፋልቱ አፉን ከፍቷል። ጣቴን እዚያ ላይ አሳርፌ ይኼስ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። በር ነዋ አለችኝ። በሩ እንደ አሮጌው ቤት ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ወደ ፈፋው ካልዞረ እኔ በዚህ ሥራ የለሁበትም አልኋት። ለምን ስትለኝ ላለፉት አርባና ከዚያ በላይ ዓመታት ለጠየቀኝ ሁሉ የመለስሁትን መለስሁላት። ነፋሱ ነው አልኋት።

ነገሩ ደግሞ አጣዳፊ ነው። ሐሙስ ከማዘጋጃ ቤት ለኪው ይመጣል፤ ችካሉን ያያል፣ ይፈርማል፣ ከዚያ ወዲያ በሩን ማዞር የለም። ሦስት ቀን ነበረኝ። እነዚያን ሦስት ቀኖች እንዴት እንዳሳለፍሁ ጎረቤት ይመስክር። ከቤት መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ ተመልሼ እዚያው ችካሉ ላይ። ነገርን ሁሉ በእርምጃ የመለካት አመል አለብኝ፤ ከአሮጌው ቤት ግድግዳ እስከ አስፋልቱ ሠላሳ አንድ ነው፣ ከዚያ እስከ ሻይ ቤቱ ጥግ መቶ አሥር። የሻይ ቤቱ ጥግ የምለው ዛሬ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ዱሮ ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና ሁሉ እዚያ ቆሞ ፍሬኑን ሳያስፈትሽ አይሄድም ነበር። ሾፌሮቹ በቆዳ ጃኬት፣ ረዳቶቹ በቅባት በራሰ ካኪ፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥር ሳንቲም። ከአንዱ መኪና ራዲዮ ስለ አንዲት የዳባት ልጅ የሚያለቃቅስ ዘፈን ይሰማል፤ ግጥሙ ጠፍቶኛል፣ ዜማው ግን ብረት ስሞርድ ዛሬም በአፍንጫዬ ይመጣል። ሱሪ ማለት ከታች የሰፋ ቴትሮን ነበር። እኔም አንድ ነበረኝ፣ የብረት ፍንጣሪ እስኪበሳሳው ድረስ እሑድም ሰኞም ለበስሁት። ጫማዬ ኮንጎ። ከተማዋ አንድ ሲጋራ ሳያልቅ ከዳር እስከ ዳር ትዘለቅ ነበር። ዘመኑን አትጠይቁኝ፤ ሹም በሹም የሚለወጥበት፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ጊዜ ነበር። እኔ የማስታውሰው ቆርቆሮ አንዱ ስምንት ብር እንደነበርና ስምንት ብርም እንዳልነበረኝ ነው።

አባቴ የኔታ ነበሩ። ደረስጌ ድረስ ወርደው ተምረው፣ ደባርቅ መጥተው ከደብሩ ሥር በምትገኝ ጎጆ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ስለነበርሁ አባባ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም፤ እንደ ሌላው ተማሪ የኔታ ነበር የምላቸው። ትምህርት አልሆነልኝም። ጭንቅላቴ ደኅና ነበር፤ እጄ ግን አያርፍም። ፊደል ስቆጥር ገለባ ይሰብራል፣ ዳዊት ስደግም የመደቡን ጭቃ ይፈለፍላል፣ የጓደኛዬን የጋቢ ጥለት ሲተረትር ይገኛል። «አስረስ፣ እጅህን አሳርፍ» ይሉኝ ነበር፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ባላሳርፍ አለንጋው አለ። እኔም አንድ ቀን እጄን ይዤ ጠፋሁ። የሄድሁት ሩቅ አይደለም፤ ዳባት ከከተማው ዝቅ ብሎ ብረት የሚቀጠቅጥ አያ ተገኘ የሚባል ሰው ነበረ፣ ከእሱ ወናፍ ሥር ተቀመጥሁ።

የዛሬ ልጆች ይኸ ምን ማለት እንደነበር አይገባቸውም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ማረሻው ይፈለጋል፣ ዓይኑ ይፈራል። ገበሬው ከጃናሞራ ቀን ሙሉ ተጉዞ ማረሻውን ሊያስመታ ይመጣና፣ ቅቤውን በነጠላው ሸፍኖ፣ ፊቱን አዙሮ ነው ዋጋ የሚነጋገረው። ባለእጅ ቤቱን የሚሠራው ከመንደሩ ዳር ነው፤ በሩንም የሚያወጣው ሰው በማያልፍበት በኩል። እንግዲህ የየኔታ ልጅ እዚያ ገባ። ከተማው ሲያወራ ከረመ፣ እናቴ ስታለቅስ ከረመች። የኔታ ግን ምንም አላሉኝም። ልብሴን ልወስድ ስመጣ ብቻ፣ ከግድግዳው የተሰቀለውን እያመለከቱ፣ «ዳዊትህን ማህደሩ ውስጥ መልሰው፤ ጥቀርሻ እንዳይነካው» አሉኝ። እኔ ይኸን የሰማሁት እንደ ስንብት ነው። መጽሐፉን ከተትሁት፣ ማህደሩን አሠርሁት፣ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በዓመት በዓል እገባለሁ፣ ጉልበታቸውን እስማለሁ፣ ስለ እህልና ስለ ዝናብ እንነጋገራለን። ስለ እጄ ግን ተነጋግረን አናውቅም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ እኔና አያ ተገኘ ደባርቅ ላይ ቦታ አገኘን። ከአንዱ ወገን የመኪና መንገድ፣ ከሌላው ወገን ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚቆፍረው ፈፋ፣ ቤታችን በመካከል። ቦታው ሲሰጠን የመጀመሪያው ደስታዬ አንድ ቀን እንኳ አላደረም። ለካ መንገዱ የኔታ ከቤት ወደ ደብሩ የሚመላለሱበት ነው። ጠዋትና ማታ፣ ከተማሪዎቻቸው ጋር፣ በእኛ ደጅ። አያ ተገኘ ግን ደስ ብሎት ነበር። ቡናማ ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ በየክንዱ ቋጠሮ የተቋጠረበት ገመድ ከኪሱ አወጣ፤ ፕላናችን ያ ገመድ ነበር። ሦስት ቀን አቀድን። እኔ በእርምጃ፣ እሱ በክንድ፣ አንዳችን የለካውን ሌላችን እየሻርን። ወናፉ የት ይሁን፣ ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ የት ይተከል፣ ከተገለበጠ መኪና የሚመጣው የባሌስትራ ብረት የት ይከመር። የነፋሱን ነገር ለማወቅ ደግሞ ጠዋት አንድ እፍኝ፣ ቀትር አንድ እፍኝ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ እፍኝ አመድ ወደ ላይ በተነ። ከሰዓቱ ነፋስ ከፈፋው ሽቅብ እየነፈሰ አመዱን በሙሉ ኮቱ ላይ መለሰበት። ስለዚህ በሩ ወደ መንገድ ይሁን፤ ጭሱ በፊት ለፊት ይወጣል አለ። ነገሩ ያለቀ መሰለው።

እኔ፣ አይሆንም፣ ወደ ፈፋው ይሁን አልሁ። ገመዱን ይዞ ቆመ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጀርባዬን ለመንገድ ሰጥቼ ሠርቻለሁ» አለኝ። «ከተማ ገብቼ በወረቀት በተሰጠኝ ቦታም እንደዚያ ልሥራ?» እኔም፣ ነፋሱ ነው እኮ አያ ተገኘ አልሁት። አመዱ ገና ኮቱ ላይ ነበር። ዝቅ ብሎ አመዱን አየው፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። «እኔን ለመሸሸግ ከሆነ ንገረኝ» አለ። እሱን ለመሸሸግ አልነበረም። የኔታ ልጃቸውን እሳት ፊት ተንበርክኮ እንዳያዩ፣ ተማሪዎቻቸው እየጠቋቆሙ እንዳይሥቁባቸው ነው። ግን ይኸን ለአያ ተገኘ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? አባቴ በአንተ ሥራ ያፍራል ልበለው? ዝም አልሁ። እሱም ችካሉን አንሥቶ እኔ ባልሁበት ቦታ በመዶሻው መታው። ከዚያች ዝምታ የባሰ ነገር ለሰው አድርጌ አላውቅም፤ እሱ ግን ከዚያም በኋላ አሥር ዓመት አብሮኝ ሠራ። አገር ሲለዋወጥ ዘመዶቹን ተከትሎ ሄደ። መዶሻውን ትቶልኝ ነው የሄደው፣ እጀታው በእጁ ልክ የተበላ ነው።

ቤቱ ግን እንዳይሆኑ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በበሩ ይገባና ጭሱን ከነፍንጣሪው ፊታችን ላይ ይመልሳል። ዓይናችን ያለቅሳል፣ ሳላችን ገበያ ድረስ ይሰማል። የሚያሥቀው ሌላ ነው። ሥራ የለመዱ ልጆች ከእኔ ወጥተው የየራሳቸውን ቤት ሲሠሩ ሁሉም በሩን ወደ ኋላ አዞሩት። ጋሼ አስረስ ነፋስ ያውቃል ተባለ። ዛሬም ደባርቅ ውስጥ ጀርባቸውን ለመንገድ ሰጥተው ጭስ የሚውጡ ሦስት የብረት ቤቶች አሉ፤ ሦስቱም በእኔ ውሸት የተሠሩ ናቸው። አንዱ፣ ዘንድሮ እንኳ፣ ለልጁ ስለ ነፋሱ ሲያስረዳ ሰምቼው መንገድ ቀየርሁ።

በኋላ፣ ቀን ቀንም መብራት መምጣት ሲጀምር፣ ከእሳቱ ወደ ብየዳ ዞርሁ። የመጀመሪያውን የብየዳ ጭንብል ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ ከላሜራ፣ ጥቁሩ መስታወት ብቻ ከጎንደር መጣ። ጭንብል ያላጠለቀ ሰው አይገባው ይሆናል፤ በዚያ መስታወት ውስጥ ከብልጭታው በቀር ዓለም የለም። ለእኔ ተስማማኝ። ቤቱ ጨለማ ስለሆነ ከበሩ አፍ ላይ ተቀምጬ እበይዳለሁ፣ ፊቴ ወደ ፈፋው። እጄ ሥራ አገኘ፣ ልቤም አረፈ ልል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አላረፈም። በዚያው ዓመት ገደማ የየኔታ ዓይን መታመም ጀመረ። ይቀላል፣ ያነባል፣ አሸዋ የገባበት ይመስለኛል ይላሉ። እናቴ፣ ሻማው ነው፣ በሻማ ሲያነቡ እያደሩ አለችኝ። ድንች በስሱ ቆርጦ ዓይን ላይ ማድረግ የበያጅ ሁሉ መድኃኒት ስለሆነ፣ እኔው ራሴ ከገበያ ድንች ገዝቼ ላክሁላቸው። ተሻላቸው። ደግሞ ታመሙ። ደግሞ ላክሁ። እንዲህ ሁለት ሦስት ዓመት ቆየና አረፉ፤ ዓይናቸው አልነበረም የገደላቸው፣ ደረታቸው ነው። የቀብራቸው ዕለት ከደብሩ ስመለስ በመንገዱ በኩል የቤቴን ጀርባ አየሁት። መስኮት እንኳ የለውም። ሲመላለሱ የሚያዩት ይኸን ነበር ብዬ አሰብሁ፤ ደግ አደረግሁ ብዬም ራሴን አጽናናሁ።

እንግዲህ ማክሰኞ ንጋት ላይ ምን እንዳደረግሁ ልናገር። ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁና በመንገዱ በኩል ያሉትን አራት የበር ችካሎች ነቀልኋቸው። ሲባጎውን ጠቅልዬ፣ በጥሩ ቋጠሮ አሥሬ፣ ችካሎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ተመለስሁና ተኛሁ። ሰናይት መጥታ ጎኔ ቆመች። ችካሉን ማን እንደነቀለው ያውቁ እንደሆነ ብላ ጠየቀች፣ በጨዋ ደንብ። ውሻ ይሆናል አልሁ። «ሲባጎ ጠቅልሎ የሚያሥር ውሻ ነው አባባ?» አለችኝ። ሣቄ መጣ፣ ግን ዋጥሁት። ከዚያ እንደ አያ ተገኘ አመድ አልበተነችም፤ አንድ ዘንግ ላይ የፌስታል ቁራጭ አሥራ ከፈፋው ዳር ተከለችው። ከሰዓት በኋላ ፌስታሉ ሽቅብ ወደ መንገዱ ተዘርግቶ ሲርገበገብ እጄን ይዛ አሳየችኝ። የሚያውቅ ሰው እየዋሸ መሆኑን ስታውቅ የምታሳየው ፊት አላት፣ የእናቷ ነው። ምክንያቱን ይንገሩኝና እንዳሉት ላድርግ አለች። አልነገርኋትም። ዕድሜዬን ሙሉ የተቀመጥሁበትን ምክንያት በአንድ ጊዜ ተነሥቶ መስጠት ቀላል መስሏት ይሆናል።

ረቡዕ ቀትር ላይ አንዲት መነኩሲት በአስፋልቱ በኩል መጥተው የቤቱን ዙሪያ ይዞሩ ጀመር። የምርኩዛቸው ጫፍ ብረት ወልቆ ሊያስበይዱ ነው። ፊታቸውን ሳይሆን ድምፃቸውን አወቅሁት። ከፈፋው ማዶ ጠላ ትሸጥ የነበረችው ድንቄ ናቸው፤ ከመነኮሱ በኋላ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ተብለው በመካነ ብርሃን በኩል ካለ ገዳም ገብተዋል ሲባል ሰምቼ ነበር። ሰናይት ምርኩዙን ተቀብላ ስትገባ እኛ ከተከመረው ብሎኬት ላይ ተቀመጥን። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤናቸው፣ በዚያ ክፉ ጊዜ ማን እንደተረፈ ተጠያየቅን። ከዚያ ሰዎች ቤቱ ፈርሷል ብለዋቸው አዝነው እንደነበር ነገሩኝ። ገና ነው፣ ሊፈርስ ነው አልኋቸው።

«የየኔታ ድንጋይስ?» አሉኝ።

የምን ድንጋይ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የሚቀመጡባት ናታ። በእኔ አጥር ሥር፣ ቅትቅታው ዘንድ። ተማሪ ሲያሰናብቱ በላይኛው መንገድ ወደ ቤት እንደመግባት በታች በፈፋው ዞረው ይመጡና ከዚያች ላይ ቁጭ ይላሉ። ውኃ ስሰጣቸው ዓይናቸውን ሳያነሡ ነው የሚቀበሉኝ። አንተን ነበር የሚያዩት። ያን የሚያብለጨልጨውን።»

አላየኋቸውም አልሁ። «በምን ታያለህ፣ ያን ጥቁር ነገር ፊትህ ላይ ደፍተህ» አሉኝ፤ አባባላቸው የወቀሳ አልነበረም። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ሰናይት በበሩ ብቅ ብላ አየችን። «አትንገሪው ብለውኝ ነዋ ልጄ» አሉ እማሆይ። «አንድ ቀን፣ የኔታ፣ ማዶው እኮ ይኸው ነው፣ ለምን አይሻገሩም አልኋቸው። እሳቸውም፣ በሩን ያዞረው እንዳላየው ነው፣ ልጄ ካፈረብኝ ደጁ ድረስ ሄጄ ላሳፍረው ወይ አሉኝ። ደግሞም፣ በልጅነቱ እጅህን አሳርፍ እያልሁ አስጨንቄዋለሁ፤ ለካ እጁ የሚፈልገው ይኸን ኖሯል አሉ። አሁን ቤቱም ሊሄድ ነው፣ እኔም ልሄድ ነው። ለማን ልተወው ብዬ ነው የነገርሁህ።»

ምርኩዛቸውን ተቀብለው፣ ባርከውን ሄዱ። እኔ ብሎኬቱ ላይ ቀረሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ድንቹ ነው። ያ ሁሉ ድንች። የበያጅ ሕመም የታመሙት የኔታ አጠገቤ ነበሩ፤ የበያጅ መድኃኒት እየቆራረጥሁ የምልክ እኔ ነኝ፤ ሕመሙን ከየት አመጡት ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ተናደድሁ፣ በማን እንደሆነ እንጃ። እኔ እንዳያፍሩ ብዬ በር አዞርሁ፣ እሳቸው እንዳላፍር ብለው ከማዶ ቀሩ፤ አያ ተገኘ ደግሞ በመካከላችን አመዱን ከኮቱ እያራገፈ በማያውቀው ነገር ተቀጣ። ጭንብሉ ነው እንዳልል እንኳ የብየዳው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ባለቀ ቁጥር አነሣው ነበር። ግን ቀና አልልም። አጎንብሼ የብየዳውን ቅርፊት በመዶሻ ስቀርፍ፣ ሌላ ኤሌክትሮድ በመያዣው ሳስነክስ፣ መልሼ ስደፋው። አንድ ጊዜ ቀና ብል አያቸው ነበር።

ተነሣሁና በፈፋው ወረድሁ። ጉልበቴ እንቢ ሲል በእጄ እየተደገፍሁ ወደ ማዶ ወጣሁ። የድንቄ ቤት የለም፣ ቅትቅታው ግን አለ፤ ከሥሩ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ሣር ውጧት። በእግሬ ሣሩን ገለጥ አድርጌ ተቀመጥሁ። ከዚያ ሲታይ የቤቴ በር እንዲህ ቅርብ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰናይት ከበሩ አፍ ላይ፣ እኔ እቀመጥበት ከነበረው ቦታ፣ ለአዲሱ ቤት የሚገጠመውን ትልቅ በር ትበይዳለች። ጭንብሏን ደፍታለች። ብልጭታው ይነሣል፣ ይጠፋል፣ ይነሣል። በባዶ ዓይን እንዳያዩት ስንቱን ልጅ በኩርኩም ያስተማርሁ ሰው፣ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። እጇን አየሁ። አያርፍም፣ ግን አይቸኩልም። የኔታ ያዩት ይኸን ነው አልሁ፣ እንባዬም ወረደ። ሰው ቢጠይቀኝ ብየዳው ነው እል ነበር፤ ብየዳው አልነበረም።

ኤሌክትሮዱ አለቀባት። ጭንብሏን አነሣች፣ ወደ ብረቱ አጎነበሰች። ከዚያ ምን እንደታያት እንጃ፣ ቀና አለች፣ አየችኝም።

«አባባ፣ ዓይንዎን ያዙሩ እንጂ» አለች። «እዚያ ምን ያደርጋሉ?»

«በሩን ወደ መንገዱ አድርጊው» አልኋት።

እጇ ላይ ያለውን መያዣ ቀስ ብላ መሬት አኖረች። «ነፋሱስ?»

«ነፋስ አልነበረም።»

ታዲያ ምን ነበር አለችኝ። ስመጣ እነግርሻለሁ ብያት ከድንጋዩ ላይ ተነሣሁና፣ እንደ አመሌ እየቆጠርሁ ፈፋውን ተሻገርሁ። ሃያ ሦስት እርምጃ ነው።